የምንጊዜም ትልቁ የጃፓን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች ማን ነው? እኔ ናካታ እላለሁ፤ የምትሉትን በሉኝ

አማካዩ

ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት ከጓደኞቼ ጋር ቡና ስንጠጣ ነገርን ነገር አነሳውና ስለ ጃፓን ኳስ ወሬ ጀመርን። ኳታር ላይ ጀርመንንም ስፔንንም 2 ለ 1 የረታው የ2022ቱ ቡድን ሁላችንም ልብ ውስጥ አለ። አንዱ ግን «ከሁሉም ዘመን አንድ ብቻ ምረጡ» ሲል ተለያየን። አላለቀልንም፤ ወደዚህ አመጣሁት። ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

የእኔ ምርጫ ሂደቶሺ ናካታ ነው።

በ1998 ከዓለም ዋንጫው በኋላ ፔሩጂያ ሲገዛው 21 ዓመቱ ነበር። ያኔ የጣሊያን ሊግ ማለት የዓለም ኮከቦች ሁሉ የሚጫወቱበት ነው። ብዙ ሰው «ጃፓን ውስጥ ማሊያ ለመሸጥ ነው» አለ። የመጀመሪያ የሊግ ጨዋታው ከዩቬንቱስ ጋር ሆነ። ፔሩጂያ 4 ለ 3 ተሸነፈ፤ ከሦስቱ ጎሎች ሁለቱን ያገባው ናካታ ነው። የማሊያው ወሬ እዚያው አበቃ።

እኔን የገዛኝ ግን ሌላ ቀን ነው። ግንቦት 6 ቀን 2001፣ ቱሪን። ናካታ ያኔ የሮማ ተጫዋች ነው። ሮማ ሊጉን እየመራ ነው፤ ተከታዩ ዩቬንቱስ ነው። ዩቬ በሜዳው ገና በጠዋቱ 2 ለ 0 መራ። የውጭ ተጫዋቾችን ቁጥር የሚገድበው ደንብ የላላው ጨዋታው ሊደርስ ቀናት ሲቀሩት ነበር። ያ ባይሆን ናካታ ተጠባባቂ ወንበር ላይም ላይቀመጥ ይችል ነበር። የሮማ አሠልጣኝ ካፔሎ የክለቡን ኮከብ ቶቲን አስወጥቶ እሱን አስገባ። አስቡት፣ ሮማ ውስጥ ቶቲን ማስወጣት! ናካታ መሀል ሜዳ አካባቢ ኳስ ነጠቀ፤ ጥቂት ገፋትና ከሩቅ ለቀቃት። የዩቬ በረኛ ቫን ደር ሳር ዘለለ፤ አልደረሰባትም። ባከነ ሰዓት ላይ እንደገና መታ፤ በረኛው ተፋት፤ ሞንቴላ አስገባት። 2 ለ 2።

ሮማ በ75 ነጥብ ዋንጫውን በላ። ዩቬ 73። ያቺ ጨዋታ በሽንፈት ብታልቅ ዩቬ 75፣ ሮማ 74 ይሆኑ ነበር። ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት።

ለሀገሩ 77 ጨዋታ፣ 11 ጎል፣ ሦስት የዓለም ዋንጫ። ጃፓን ለመጀመሪያ ጊዜ ለዓለም ዋንጫ ያለፈችው በኅዳር 1997 ማሌዥያ፣ ጆሆር ባህሩ ላይ ኢራንን 3 ለ 2 አሸንፋ ነው። ሦስቱም ጎሎች ላይ የናካታ እግር አለበት። ሦስተኛዋ እሱ መትቶ በረኛው ሲተፋት ኦካኖ ያስገባት ወርቃማ ጎል ናት፤ በጭማሪ ሰዓት ገብታ ጨዋታውን እዚያው የምትጨርስ ማለት ነው።

በ29 ዓመቱ ጫማውን ሰቀለ። በ2006 ዶርትሙንድ ላይ በብራዚል 4 ለ 1 ሲሸነፉ መሀል ሜዳው ላይ ፊቱን በማሊያ ሸፍኖ ተጋደመ። ስታዲየሙ ሲራገፍም አልተነሳም። ያንን ምስል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

በሉ እንግዲህ።

ዩናይትድ ብቻ

ሺንጂ ካጋዋ! ዶርትሙንድ በ350 ሺህ ዩሮ ገዛው። የሁለተኛ ዲቪዚዮን ተጫዋች ዋጋ ነው። በሁለት ዓመት ሁለት የቡንደስሊጋ ዋንጫ። ከዚያ ፈርጉሰን ወደ ማንቸስተር ዩናይትድ አመጡት፤ መጋቢት 2013 ኖርዊች ላይ ሐትሪክ ሠራ። በፕሪሚየር ሊግ ሐትሪክ የሠራ የመጀመሪያው እስያዊ እሱ ነው። ያን ቀን የሰፈራችን ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ቆሜ ነው ያየሁት፤ መቀመጫ አልነበረም። ኳስ ሲቀበል ገና ሳትደርሰው ነበር የሚዞረው። ከዶርትሙንዱ አሠልጣኝ ከክሎፕ ጋር ቢቆይ ኖሮ የት ይደርስ ነበር እያልኩ አሁንም ይቆጨኛል።

ብሉምፎንቴን 2010

ዩናይትድ ብቻ፣ ካጋዋን እኔም እወደዋለሁ። ግን ጥያቄው ስለ ብሔራዊ ቡድን ነው። ለጃፓን 97 ጊዜ ተሰልፎ 31 አግብቷል፤ ጥሩ ነው። የዓለም ዋንጫ ላይ ግን አስር ቁጥሩን ለብሶ ያስደነገጠባቸው ቀኖች ጥቂት ናቸው።

ትልቅ ቀን ላይ የሚገኝ ሰው ከፈለጋችሁ ኬይሱኬ ሆንዳ ነው። በ2010 ካሜሩን ላይ አገባ። በ2014 አይቮሪኮስት ላይ አገባ። በ2018 ሴኔጋል ላይ ተቀይሮ ገብቶ አገባ። በሦስት የዓለም ዋንጫ ያገባ የመጀመሪያው ጃፓናዊ ነው። ሦስቱም ደግሞ የእኛ የአፍሪካ ቡድኖች ላይ ናቸው! የካሜሩኑ ቀን ሁላችንም ለኤቶ ነበር የተሰበሰብነው። ማትሱይ ከቀኝ አሻማ፤ ሆንዳ ሁለተኛው ቋሚ ጋ ብቻውን ቆሞ ነበር። በግራ እግሩ አበረዳት፤ ከዚያ በግራው አስገባት። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ያኔ ተናድጄ ነበር፤ አሁን ሳየው ያ እርጋታ ይገርመኛል።

ዴንማርክን 3 ለ 1 ሲያሸንፉ ደግሞ በቅጣት ምት አገባ፤ ሦስተኛዋን ኦካዛኪ እንዲያገባ አመቻቸለት።

ጋሽ ትራንዚስተር

ልጆች፣ ሁላችሁም ከ1990ዎቹ ወዲህ ነው የጀመራችሁት። ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 10 ቀን 1961 ማሞ ወልዴ ሜክሲኮ ላይ ማራቶኑን አሸነፈ። እኔ ልጅ ነበርኩ፤ ጎረቤት ሬዲዮ ተከበን ነው የሰማነው። ሁለተኛ የወጣው ጃፓናዊ ነው፤ ኬንጂ ኪሚሃራ። ማሞ ከሦስት ደቂቃ በላይ ጥሎት ነበር። ያንን ሁሉም ያውቃል። ከአራት ቀን በኋላ በዚያው ኦሊምፒክ ጃፓኖች በእግር ኳስ ምን እንደሠሩ ግን እኛ አገር ብዙ ሰው አይነሳለትም።

ኩኒሺገ ካማሞቶ የሚባል አጥቂ ነበራቸው። የመጀመሪያው ጨዋታ ከናይጄሪያ፤ 3 ለ 1፤ ሦስቱንም እሱ አገባ። ሩብ ፍጻሜ ፈረንሳይን 3 ለ 1፤ ሁለቱ የእሱ። ግማሽ ፍጻሜ ላይ ሀንጋሪ 5 ለ 0 አደቀቃቸው። ሌላ ቡድን ቢሆን እዚያ ያበቃ ነበር። ለነሐሱ አዝቴካ ላይ ከባለሜዳዋ ሜክሲኮ ጋር ተጋጠሙ። 2 ለ 0 አሸነፉ። ሁለቱንም ካማሞቶ፤ ሁለቱንም ያቀበለው ሱጊያማ። በሰባት ጎል የኦሊምፒኩ ኮከብ ጎል አግቢ ሆነ።

እንግዲህ ያኔ ጃፓን ውስጥ ፕሮፌሽናል የሚባል ተጫዋች የለም። ካማሞቶ የያንማር ሠራተኛ ነው፤ የናፍጣ ሞተር የሚሠራ ኩባንያ። በእኛ ቋንቋ እንደ ድሬዳዋው ጥጥ ማኅበር ያለ የፋብሪካ ቡድን በሉት። ደትማር ክራመር የሚባል ጀርመናዊ አሠልጣኝ መጥቶ ነው ኳስ ማቆምንና ማቀበልን እንደ ፊደል ያስቆጠራቸው።

በጃፓን ፌዴሬሽን መዝገብ 76 ጨዋታ፣ 75 ጎል። እንደገና አንብቡት። ከዚያ ወዲህ ስንት አጥቂ አውሮፓ ገብቶ ወጣ፤ ማንም አልደረሰበትም። ካዙ 55፣ ኦካዛኪ 50 ላይ ቀሩ። በ1969 ጉበቱን ታሞ ባይተኛ ኖሮ ምን ይሆን ነበር የሚለውን ጃፓኖች ራሳቸው ይጠይቃሉ።

ነሐሴ 2025 በ81 ዓመቱ አረፈ። ነፍሱን ይማር። አንድ ስም ምረጡ ካላችሁኝ እሱ ነው።

አማካዩ

ጋሼ፣ እጅ ነሥቻለሁ። ቁጥሩን አውቀው ነበር፤ ከማሞ ጋር በአራት ቀን ልዩነት መሆኑን ግን አላስተዋልኩም ነበር። አንድ ነገር ልጠይቅዎ፦ ያኔ ኦሊምፒክ ላይ ትልልቆቹ ሀገሮች ፕሮፌሽናሎቻቸውን አያመጡም ነበር። ይህ ሚዛኑን አይቀንሰውም?

ጋሽ ትራንዚስተር

ልጄ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን እሱም እኮ አማተር ነው። ከሥራ ወጥቶ ነው የሚለማመደው። ሀንጋሪ ደግሞ ጠንካራ ቡድን ይዛ ነው የመጣችው፤ የምሥራቁ ሀገሮች «አማተር ነን» ብለው ምርጥ ተጫዋቾቻቸውን ሊያሰልፉ ይችሉ ነበር። ስለዚህ ሚዛኑ ለጃፓን አላዳላም።

ቁጥር 11

የካዙን ስም በቁጥር ብቻ አንስታችሁ ማለፋችሁ ሆዴን አባባው።

ካዙዮሺ ሚዩራ በ15 ዓመቱ ብቻውን ብራዚል ሄደ። በ1982። ጃፓን ውስጥ ፕሮፌሽናል ሊግ የለም፤ ቋንቋ አያውቅም፤ ብራዚሎች ያኔ ኳስ የማይችል ሰው ሲያዩ «ጃፓናዊ» እያሉ ነበር የሚቀልዱት። በ1986 ሳንቶስ ፕሮፌሽናል አድርጎ አስፈረመው። የፔሌ ክለብ ማለት ነው። በ1990 ወደ ሀገሩ ተመለሰ። የጃፓኑ ፕሮፌሽናል ሊግ፣ ጄ ሊግ፣ በ1993 ሲጀመር የመጀመሪያው ኮከብ ተጫዋች እሱ ነው። እናንተ የምትጠሯቸው ናካታም ናካሙራም ልጅ ሆነው ቴሌቪዥን ላይ ያዩት እሱን ነው።

ዶሃ፣ ጥቅምት 28 ቀን 1993። ጃፓን ኢራቅን 2 ለ 1 እየመራች ነው። ካለቀ የዓለም ዋንጫ ላይ ናት፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። የመጀመሪያዋን ጎል ያገባው ካዙ ነው። ባከነ ሰዓት ላይ ኢራቆች ኮርናውን አጭር ተጫወቱት። ለመዝጋት የሮጠው አጥቂው ካዙ ራሱ ነበር፤ እግሩን ዘረጋ፤ አልደረሰባትም። ኳሷ ተሻማች፤ ኦምራም በቴስታ አስገባት። 2 ለ 2። በጎል ልዩነት ደቡብ ኮሪያ አለፈች። ጃፓኖች እስከ ዛሬ «የዶሃው ሰቆቃ» ይሉታል።

ከአራት ዓመት በኋላ ማጣሪያውን አለፉ። ቡድኑ ስዊዘርላንድ ልምምድ ላይ እያለ አሠልጣኝ ኦካዳ ስሙን ሰረዙት። ሀገሩ ሲመለስ የጃፓን ተጫዋችነት ኩራቴንና ነፍሴን እዚያው ትቼ መጣሁ አለ። 89 ጨዋታ፣ 55 ጎል፣ ዜሮ የዓለም ዋንጫ።

እና አላቆመም። 50 ዓመት ከሞላው በኋላ ሊግ ላይ ጎል አገባ። ከ55 በላይ ሆኖም ማሊያ ለብሶ ሜዳ ገብቷል። ትልቅነት በዋንጫ ብቻ የሚለካ ከሆነ እኔ በዚህ አልስማማም።

ግራኙ

እኔ አጭር ነኝ። ሹንሱኬ ናካሙራ። ኅዳር 21 ቀን 2006፣ ግላስጎው፣ ሴልቲክ ከማንቸስተር ዩናይትድ። ደቂቃ 81። ከሳጥኑ ራቅ ያለ ቅጣት ምት። በግራ እግሩ አጥሩን አሻግሮ ማዕዘኗ ላይ ሰቀላት። በረኛው እንደገና ቫን ደር ሳር ነው፤ ምስኪን፣ ጃፓኖች አልማሩትም። በመስከረሙ ጨዋታም ኦልድ ትራፎርድ ላይ በቅጣት ምት አግብቶበት ነበር። ሴልቲክ 1 ለ 0 አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ የሻምፒዮንስ ሊግ 16ቱ ውስጥ ገባ። በዚያ ዓመት የስኮትላንድ ተጫዋቾች ምርጣቸው አድርገው መረጡት።

ለሀገሩ 98 ጨዋታ፣ 24 ጎል፤ የ2004 የእስያ ዋንጫ ኮከብ። በ2002 በሀገራቸው የዓለም ዋንጫ አሠልጣኙ ትሩሲየ ሲተወው አኩርፎ አልጠፋም፤ ጣሊያን ሄዶ ሠራ፤ ተመለሰ። እኔ ሰፈር ውስጥ ቅጣት ምት ስመታ እስከ ዛሬ የእሱን አቋቋም ነው የምቆመው።

የቶኪዮዋ

ሰላም። ጃፓን የምኖር ሐበሻ ነኝ። ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ሁሉም የጻፈው ደስ ይላል። ግን አንድ ስም እስኪነሳ ጠበቅኩ፤ አልተነሳም።

ሆማሬ ሳዋ።

ጥያቄው «የጃፓን ብሔራዊ ቡድን ተጫዋች» ነው የሚለው። 205 ጊዜ ተሰልፋለች። 83 ጎል አግብታለች። ስድስት የዓለም ዋንጫ ተጫውታለች፤ ከ1995 እስከ 2015። በ15 ዓመቷ በመጀመሪያ ጨዋታዋ ፊሊፒንስ ላይ አራት ጎል አገባች። የሴቶች ሊጉ ገንዘብ በሌለው ዘመን አሜሪካ ሄደች፤ የተጫወተችበት የአሜሪካ ሊግ ራሱ በ2003 ፈረሰ። ተመለሰች፤ ቀጠለች።

አሁን ስለ 2011 ልንገራችሁ። መጋቢት 11 ቀን መሬት ተንቀጠቀጠ፤ ሱናሚው የሰሜን ምሥራቁን ዳርቻ ጠረገው። ከአራት ወር በኋላ ነው ሴቶቹ ጀርመን የሄዱት። ማንም ለዋንጫ አልጠበቃቸውም። ሩብ ፍጻሜ ላይ ባለሜዳዋ ጀርመን ገጠመቻቸው። አሠልጣኝ ሳሳኪ ከጨዋታው በፊት የሱናሚውን ፎቶዎች አሳዩዋቸው። በጭማሪ ሰዓት ማሩያማ አገባች፤ ኳሷን ያቀበለቻት ሳዋ። ከየጨዋታው በኋላ ለእርዳታው ዓለምን የሚያመሰግን ጨርቅ ይዘው ሜዳውን ይዞሩ ነበር።

ፍጻሜው ሐምሌ 17፣ ፍራንክፈርት፣ ከአሜሪካ ጋር። ጃፓን አሜሪካን አሸንፋ አታውቅም። ሞርጋን አገባች፤ ሚያማ አቻ አደረገች። ጭማሪ ሰዓት ላይ ዋምባክ በቴስታ አገባች። 2 ለ 1፤ ደቂቃ 117 ደረሰ። ኮርና። ሚያማ ከግራ መታች። ሳዋ ከኋላ ሮጣ ወደ ቅርቡ ቋሚ ወጣች። ኳሷን ፊት ለፊት አልጠበቀቻትም፤ እየሮጠች፣ ፊቷን ከጎሉ አዙራ፣ በቀኝ እግሯ ውጪኛው ጎን ነካቻት። መታች አልልም፤ ነካቻት። መረብ ውስጥ። 2 ለ 2። በሪጎሬ 3 ለ 1 አሸነፉ። አምበሏ እሷ ነበረች። አምስት ጎል፣ ኮከብ ጎል አግቢ፣ የውድድሩ ኮከብ ተጫዋች፣ እና ዋንጫው። በ32 ዓመቷ።

ጥር 2012 ዙሪክ ላይ የዓመቱ የዓለም ምርጥ ተባለች። ያንን ሽልማት ከዚያ በፊት አምስት ዓመት በተከታታይ የወሰደችው ማርታ ነበረች። በወንዶቹ ሜሲ ተሸለመ፤ ሳዋ ኪሞኖ ለብሳ ወጣች።

እዚህ ከተጠሩት ውስጥ የዓለም ዋንጫ ያነሳ ማን ነው? እሷ ብቻ ናት።

ዩናይትድ ብቻ

እህቴ፣ ታሪኳ ትልቅ ነው፤ አልክድም። ግን የወንድና የሴት ኳስ ማወዳደር ይከብዳል። እኛ ስለ ወንዶቹ ነበር የምናወራው።

የቶኪዮዋ

ወንድሜ፣ ርእሱን ተመልሰህ አንብበው፤ «ወንድ» አይልም። ደግሞ ማወዳደር ከከበደ የ1968ን ካማሞቶን ከ2013 ካጋዋ ጋር ማወዳደርም ይከብዳል። አንዱ ሞተር ፋብሪካ ሠራተኛ፣ አንዱ የዩናይትድ ተጫዋች። እሱን ግን ማንም አልተቃወመም። እኔ የምለው፣ እያንዳንዱን በራሱ ሜዳ ለኩት፤ በሜዳው ላይ የመጨረሻው ደረጃ ላይ የደረሰው ማን እንደሆነ እዩ።

አንድ ነገር ልጨምር። በቤጂንግ ኦሊምፒክ ለጓደኞቿ ሲከብዳችሁ ጀርባዬን እዩ ብላቸው ነበር። እዚህ አገር ከኳስ ጋር የማይገናኙ ሰዎች እንኳ ያችን አባባል ያውቋታል።

ብሉምፎንቴን 2010

እኔ ሆንዳን በሦስት የዓለም ዋንጫ አራት ጎል ብዬ ነበር የተኩራራሁት። እሷ በአንዱ ብቻ አምስት። አፌን ያዝኩ።

ቁጥር 11

እኔ ከካዙ አልለይም። ግን የቶኪዮዋ የጻፈችውን ሳነብ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሁለቱም ሀገራቸው ውስጥ የሚያስጠጋ ሊግ ሳይኖር ነው የጀመሩት፤ ሁለቱም ባሕር ተሻግረው ነው የተማሩት። ልዩነቱ ዶሃ ላይ የካዙ እግር ኳሷ ጋ አልደረሰም፤ ፍራንክፈርት ላይ የእሷ ደረሰ።

አማካዩ

ክሩን የከፈትኩት እኔ ስለሆንኩ ግልጽ ልናገር። ስጽፍ ሳዋ በአእምሮዬ አልመጣችም። ረስቻት አይደለም፤ ያንን ፍጻሜ በቀጥታ አይቼዋለሁ። ጥያቄውን ስጠይቅ ግን ሳላስበው ወንዶቹን ብቻ ነው የደረደርኩት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው።

ናካታ ለእኔ በሩን የከፈተ ነው። ከእሱ በፊት ኦኩዴራ በ1977 ኮሎኝ ገብቶ ሊግና ጥሎ ማለፉን በልቷል፤ እሱንም ማንሳት ነበረብኝ። ከናካታ በኋላ ግን የአውሮፓ ክለቦች ጃፓን ሰው መላክ ጀመሩ። ሃሴቤ፣ ናጋቶሞ፣ ሆንዳ፣ አሁን ሚቶማ፣ ሁሉም ያለፉት በዚያ በር ነው። አንድ ምረጥ ከተባልኩ ግን ዛሬ ሳዋን እላለሁ። ናካታ ሁለተኛ።

ጋሽ ትራንዚስተር

ልጄ የቶኪዮዋ፣ አመሰግንሻለሁ። ልጅ ልጄን ጠርቼ ያችን ጎል ስልኩ ላይ አስከፈትኩት። መነጽሬን አድርጌ አራት ጊዜ አየሁት። የአሜሪካዋ ተከላካይ አብራት ሮጣለች፤ ምንም አላጠፋችም። የሳዋ እግር ግማሽ እርምጃ ቀድሞ ደረሰ፤ ያው ነው።

እኔ ካማሞቶን ከቦታው አላነሳም፤ ዕድሜዬም አይፈቅድልኝ። ግን አጠገቡ ወንበር አቅርቡላት።

አሁን ደግሞ አንድ ሰው ስለ በረኛው ካዋጉቺ ይጻፍልኝ። በ1996 አትላንታ ኦሊምፒክ ብራዚልን 1 ለ 0 ሲያሸንፉ ስንት ኳስ እንዳዳነ ያየ አለ?

ግራኙ

አለሁ ጋሼ። ማታ ከሥራ ስወጣ እጽፍልዎታለሁ።